ልጆች ይጫወቱ እንጂ በልጆች አይጫወት!

(ይህ ጽሑፍ የመራዊና የአካባቢዋ ተወላጆች ለልጆች ትምህርት መርጃ በአዲስ አበባ ባደረጉት ስብሰባ ላይ አንድ የመራዊ መምህር ያሰሙት ንግግር ነው። ለጋዜጣ እንዲመች ጥቂት አሳጥረነዋል። — ዝግጅት ክፍሉ)



አዘጋጆቹ በመርሐ ግብሩ ላይ “ስፓኒሽ ለሕፃናት” ብለው ሲጽፉ አንዳንዶቻችሁ እርስ በርስ ተያይታችሁ ስትስቁ አይቻለሁ። አልቀየምም። ጠመኔና ደብተር በጠፋበት፣ የትምህርት ቤት በር በተቆለፈበት አገር አንድ ሽበታም ተነሥቶ ለሕፃናት ስፓኒሽ አስተምራለሁ ሲል ያስቃል። እኔም ስቄያለሁ። ነገር ግን ሰው የሚያካፍለው ያለውን ነው። እኔ ዘንድ ያለው ደግሞ ይኸው ነው።

እንዴት አገኘኸው ለምትሉኝ ከሥሩ ልጀምር።

ከትርንጎ እስከ ቶሮንኻ

አባቴ ወታደር ነበር። በኦጋዴኑ ጦርነት ሄዶ ሳይመለስ ቀረ። ካራማራ የተያዘው የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ነው፤ አገር በሬዲዮ ሲጨፍር እናቴ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ነበር። በዓመቱ ግድም የዘመቻ ልጆች ተብለን ተሰበሰብን። ወዴት እንደምንሄድ የጠየቀን የለም። እናቶቻችንንም በወጉ የጠየቀ ያለ አይመስለኝም። ብቻ ከ2,000 በላይ የምንሆን ሕፃናት ባሕር ተሻግረን ኩባ ገባን፤ ኢስላ ዴ ላ ኹቬንቱድ፣ የወጣቶች ደሴት ወደሚሏት ቦታ። ከትምህርት ቤቶቹ አንዱ ካራማራ ይባል ነበር። የአባቶቻችን መሞቻ ለልጆቻቸው መማሪያ ስም ሆነ ማለት ነው።

የመጀመሪያዋ ኩባዊት መምህራችን አንዲት የአማርኛ ቃል አታውቅም። እኛም አንዲት የስፓኒሽ ቃል አናውቅም። ታዲያ እንዴት ተግባባችሁ? አንድ ክብ ቢጫ ፍሬ ይዛ ገባች። ወደ ላይ ወርወር አድርጋ ቀለበችና “ቶሮንኻ!” አለች። ከጎጃም የመጣነው ሁለት ልጆች ባንድ አፍ “ትርንጎ!” ብለን ጮኽን። ፍሬው በእርግጥ ትርንጎ አልነበረም፤ ዘመዱ ነው። ቃሉም ዘመዱ ነው፤ ሁለቱም በዓረብ በኩል ዞረው የመጡ ናቸው። ለእኔ ግን ያን ቀን ኩባ ትንሽ ወደ መራዊ ቀረበችልኝ። ከዚያ ፍሬውን ለአንዳችን ወረወረችው። የቀለበ ስሙን ይጠራል፣ ያመለጠው ይዘፍናል። በሳምንት ውስጥ ሃምሳ ያህል ቃል ሳናውቀው አፋችን ገባ። ማንም አልተገረፈም።

መራዊ እያለሁ “ሀ”ን የቆጠርሁት በአለንጋ ነው። የቄስ ትምህርት ቤትን ላማ አልተነሣሁም። ዜማው፣ ድግግሞሹ፣ ትልቁ ተማሪ ትንሹን ማስቀጸሉ፣ እነዚህ ፈረንጅ ዛሬ በስንት ጥናት የሚደርስባቸው ዘዴዎች ናቸው። እነ ዋሸራና ጎንጅ በቃል ጨዋታ አገር ያስደነቁ የቅኔ ቤቶች ናቸው። የኛ ጥፋት ዜማውን ጥለን አለንጋውን ወደ ዘመናዊው ትምህርት ቤት ይዘን መግባታችን ነው።

ከፍ ስንል ግማሽ ቀን ትምህርት፣ ግማሽ ቀን የቶሮንኻ እርሻ ሆነ። አማርኛና ታሪክ የሚያስተምሩን ኢትዮጵያውያን መምህራን አብረውን ነበሩ፤ እግዜር ይስጣቸው። ቢሆንም የልጅ ምላስ ወደ ጨዋታው ያደላል። ኩባዎች አውቶቡስን “ጓጓ” ይሉታል። “ጓጓ መጣች!” ሲባል ሁሉም ይሮጣል። እኔ ግን ማታ ማታ ቃሉን በአማርኛው ነበር የማስበው። ጓጓሁ። እናቴን ጓጓሁ።

በ1982 ዓ.ም. ተመለስሁ። እናቴ መራዊ መኪና መቆሚያው ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። አንገቴን አቅፋ “ደኅና ነህ ወይ የኔ ጌታ?” ስትለኝ አፌን የሞላው “ሲ፣ ማማ” ነበር። አማርኛው ነበረኝ፤ ግን የአሥር ዓመት ልጅ አማርኛ ነው። እሷም ዞር ብላ ለጎረቤት “ልጄን ወስደው የሰው ልጅ መለሱልኝ” አለች። ይቺን ቃል እስከ ዛሬ አልረሳኋትም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባላል። እኔስ ልጅ ነበርሁ፤ ከብብቴ የጣሉብኝ ትልልቆቹ ናቸው። ስለዚህ ለልጅ የውጭ ቋንቋ እናስተምር ሲባል መጀመሪያ የምፈራው እኔ ነኝ። የእናት ቋንቋ ይቅደም፣ ይጽና። ይህን የምለው ከመጽሐፍ አግኝቼው አይደለም።

ሥራ ፍለጋ ስወጣ ደግሞ አንድ መሥሪያ ቤት ዲፕሎማዬን ገልብጦ አየና “ይሄ በየት አገር ቋንቋ ነው?” ብሎ መለሰልኝ። ወደ 500 ሚሊዮን ሕዝብ አፉን የፈታበት ቋንቋ ነው ብል ማን ሊሰማኝ!

ግሽ ዓባይ የመጣው እንግዳ

ስፓኒሽ ተናጋሪ ለጎጃም አዲስ አይደለም። ፔድሮ ፓኤዝ የሚባል የስፔን ኢየሱሳዊ ቄስ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1618 ከአፄ ሱስንዮስ ሠራዊት ጋር መጥቶ ግሽ ዓባይን አይቷል። ጄምስ ብሩስ “ያገኘሁት እኔ ነኝ” ብሎ የፎከረው ከ150 ዓመት በኋላ ነው። ያገሬው ሰውማ ሁልጊዜም ያውቀው ነበር።

ፓኤዝ ያመጣው ሃይማኖት በሱስንዮስ ዘመን ስንት ደም እንዳፋሰሰ ታውቃላችሁ፤ እሱን እንተወው። ዘዴውን ግን ልብ በሉ። ፍሬሞና ሳለ ትምህርቱን በአማርኛ አዘጋጀና ሕፃናቱን በጥያቄና መልስ አስጠናቸው። በ1604 አፄ ዘድንግል ፊት ሲቀርብ ሁለት ትንንሽ ልጆች ይዞ ገባ፤ አንዱ ሲጠይቅ ሌላው እየመለሰ ቤተ መንግሥቱን አስደነቁት። ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም እንላለን፤ ያ ሰው በቂ መሆኑን ከ400 ዓመት በፊት አይቶታል።

ሰኞ ማክሰኞ በስፓኒሽ

አሁን ወደ ግቢዬ ልውሰዳችሁ። ትምህርት ቤት ሲዘጋ የጎረቤት ልጆች ከጧት እስከ ማታ መንገድ ላይ ሆኑ። አንድ ቀን ሰኞ ማክሰኞ ሲጫወቱ አየሁና ጠጋ ብዬ “እኔ በሌላ አገር ቋንቋ እዘላለሁ” አልኋቸው። ጉልበቴ እንኳ እሺ አይልም። ሉኔስ፣ ማርቴስ፣ ሚኤርኮሌስ እያልሁ በአንድ እግሬ ዘለልሁ። ቢኤርኔስ ላይ ወደቅሁ። ሳቁ! በማግሥቱ በሬን ሰባት ልጆች አንኳኩ። ሳባዶ የኛው ሰንበት ዘመድ መሆኑን ስነግራቸው ደግሞ የራሳቸው ንብረት አደረጉት።

እንዲህ ነው የምንሠራው። ሰኞ ማክሰኞ ቀናቱን ያስተምራል። አኩኩሉ ስንጫወት ዓይኑን የጨፈነው “ያ?” ብሎ ይጠይቃል፤ ነጋ ወይ እንደማለት ነው። ተደባቂዎቹ “ቶዳቢያ ኖ!” ይላሉ፤ አልነጋም! ገበያ ስንጫወት የበቆሎ ፍሬ ገንዘብ ይሆናል። “ኩዋንቶ ኩኤስታ?” ስንት ነው? “ኡኖ፣ ዶስ፣ ትሬስ” እያለ ይቆጥራል። በነገራችን ላይ ሜጫንና ቡሬን የሚመግበው በቆሎ አገሩ ሜክሲኮ ነው፤ ወደዚህኛው ዓለም ያሻገሩት ስፔኖች ናቸው። ቲማቲምና ቸኮላት የሚባሉት ስሞችም በነሱ አፍ አልፈው የመጡ ናቸው። ልጅ ይህን ሲሰማ የሚማረው ቋንቋ የባዕድ መሆኑ ይቀርለታል።

ደግሞ የኛ ልጅ ዕድለኛ ነው። የስፓኒሽ አምስቱ አናባቢዎች ሁሉ በፊደላችን አሉ። ለኘ እንግሊዝ የራሱ ፊደል የለውም፤ እኛና ስፔኖች አለን። ኒኞ ማለት ሕፃን፣ ማኛና ማለት ነገ ነው። ልጆቹ “ማኛ ጤፍ ነገ ይመጣል” ብለው የራሳቸውን ቀልድ ሠሩበት። ውሃ አጓ ነው፤ “አጓት!” ብለው ያዙት። ቀሚስና ካሚሳ፣ ሎሚና ሊሞን፣ ስኳርና አሱካር ይዘማመዳሉ። ሲላላ “ፔሮ” ግን ማለት ነው፤ ሲጠብቅ ውሻ ይሆናል። እንግሊዞች በዚህ ይቸገራሉ። “ገና ነው”ን ከገና በዓል የሚለይ የመራዊ ልጅ ግን ምን ይቸግረዋል?

ደንቤ አራት ነው። ከሩብ ሰዓት በላይ አንድ ጨዋታ አላስረዝምም፤ ልጅ ሳይጠግብ መነሣት አለበት። ጆሮ ሳይለምድ ፊደል አላሳይም። ቃሉን ከነዕቃው ወይም ከነእንቅስቃሴው እሰጣለሁ እንጂ በትርጉም አላስሸመድድም። ሲሳሳት አላቋርጠውም፤ ትክክሉን እኔ ደግሜ እለዋለሁ፣ እሱ ይሰማዋል።

“ምን ይጠቅማል? እንግሊዝኛው መቼ ተቻለ?” ትሉኝ ይሆናል። ጥሩ ጥያቄ ነው። በ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ መሠረት ልጆቻችን እንግሊዝኛ የሚጀምሩት ከአንደኛ ክፍል ነበር። ሁለተኛ ደረጃ ሲደርሱ ትምህርቱ ሁሉ በእንግሊዝኛ ይሆናል። ውጤቱስ? በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት 50 በመቶና በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ፣ በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ ናቸው። በ2017 ወደ 8.4 ቢወጣም መቶ ተማሪ ተፈትኖ ከዘጠና በላይ ወደቀ ማለት ነው። ባለሥልጣኖቻችን ተማሪውን ሰነፍ አሉት። የማይሰማው ቋንቋ ሲነበብለት ዓመት ሙሉ ሰሌዳ ሲገለብጥ የኖረ ልጅ ምን ያድርግ? እኔ በስፓኒሽ ያሳየሁትን መምህራኑ በእንግሊዝኛ ያድርጉት። ዘዴው ቋንቋ አይመርጥም። ጠጠር፣ ገመድና የጨርቅ ኳስ በጀት አይጠይቁም።

የንግሥቲቱ ትእዛዝ

አሁን ሳልነግራችሁ ወደማልወርደው ነገር ልምጣ።

“ላ ሬይና ማንዳ” የሚባል ጨዋታ አለን። ንግሥቲቱ ታዝዛለች። በተራ አንድ ልጅ ይነግሣል። “አሪባ!” ሲል ሁሉም ይነሣል፣ “አባኾ!” ሲል ሁሉም መሬት ይተኛል። አንዲት የስምንት ዓመት ልጅ አለች፤ ስትመጣ ድምፅ አልነበራትም፤ ወር ሙሉ ግንብ ተደግፋ አየችን። አንድ ቀን ተራው ደረሳትና ነገሠች። ገና አፏን ስትከፍት ከመንገዱ ማዶ ተኩስ ተከፈተ። እኔ ደርቄ ቀረሁ። እሷ ግን “አባኾ!” ብላ ጮኸች። አሥራ አንዱም ልጆች ባንድ ጊዜ ተጋደሙ። እኔም ተጋደምሁ። ተኩሱ አልፎ ብዙ ከቆየ በኋላ ከሁሉ የሚያንሰው ልጅ ፊቱን ከአፈሩ ሳያነሣ “ንግሥት፣ አሪባ በይና!” አላት።

ጥር 20 ቀን 2016 ዓ.ም. መራዊ ላይ የሆነውን ታውቃላችሁ። የአስተርእዮ ማርያም ዋዜማ ነበር። የመንግሥት የጸጥታ ኃይሎች ቢያንስ 45 ሲቪሎችን መግደላቸውን የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን አስታውቋል። በ2017 የትምህርት ዘመን ደግሞ በክልሉ ከ4 ሚሊዮን በላይ ልጆች ከትምህርት ገበታ ውጭ እንደነበሩ የክልሉ ትምህርት ቢሮ ራሱ ተናግሯል። ወገኖቼ፣ እኔ የግቢ ሽማግሌ ነኝ። አሥራ አንድ ልጅ ማጫወት እችላለሁ። አራት ሚሊዮኑን ማን ያጫውታቸው?

በልጅነቴ መንግሥት ሳይጠይቀኝ ከእናቴ ነጥሎ አስተማረኝ። ዛሬ ደግሞ ልጆቻችንን ማንም ሳይጠይቃቸው ከእናታቸው ጉያ ሳይወጡ ደንቆሮ ሊያደርጋቸው ነው። ሁለቱም በልጅ መጫወት ነው።

ምን ይደረግ?

ለመንግሥትም፣ ጠመንጃ ላነሡትም አንድ ቃል አለኝ። ትምህርት ቤት የማንም ጦር ሰፈር አይሁን። መምህር የሚያስተምረውን ሲያስተምር የዚህ ወገን ነው፣ የዚያ ወገን ነው ተብሎ አይፈራ። በፖለቲካው አልደራደርላችሁም፤ የሩብ ሰዓት ጨዋታ ግን ልጆቹ ይገባቸዋል።

ለናንተ ደግሞ፣ ገንዘብ አዋጡ ሲባል አዋጡ። ግን ከዚህ ስትወጡ ሌላም ሥራ አለ። እያንዳንዳችሁ አንድ ነገር ታውቃላችሁ፤ ሂሳብ የሚያውቅ አለ፣ ክራር የሚመታ አለ፣ ልብስ የሚሰፋ አለ። የሰፈራችሁን አምስት ልጆች ሰብስባችሁ ያወቃችሁትን ጨዋታ አድርጋችሁ ስጧቸው። በአለንጋ አይሁን እንጂ በምንም ይሁን።

ያቺ ልጅ ባለፈው ሳምንት “ጋሼ፣ ትምህርት ቤት መቼ ይከፈታል?” ብላ ጠየቀችኝ። ምን ልበላት? “ማኛና” አልኋት። ሳቀችና “ጋሼ፣ ትናንትም ማኛና ብለውኝ ነበር” አለችኝ።