ጎረቤት በጨርቅ ላይ ይቀራል

(የማኅበሩ ጸሐፊ በጠቅላላ ስብሰባ ላይ ያሰሙት ንግግር)



 ዛሬ የምንናገረው ባለፈው ስብሰባ ስለ ተነሣው ጉዳይ ነው፤ ይኸውም እያንዳንዱ ቤት በጨርቅ ቁራጭ ላይ ሥዕል ስሎ፣ ቁራጮቹን ገጣጥመን አንድ ትልቅ የማኅበር ልብስ ስለ መስፋት። «ድሪቶ ምን ይሠራልናል?» ያላችሁ አላችሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው፣ መልስም ይገባዋል።

ድሪቶ ያው ሁላችንም የምናውቀው ነው፤ ቁራጭ በቁራጭ ላይ እየተጣፈ የሚለበስ። በችግር ስለ መጣ ስሙ መናቂያ ሆነ። በአሜሪካ አገርም ከቁርጥራጭ የሚሰፋ ብርድ ልብስ አለ፤ ኩዊልት ይሉታል። ከላይ የተገጣጠመው ጨርቅ፣ ከመሐል ባዘቶ፣ ከታች ገበር ሆኖ ሦስቱ ባንድነት በመርፌ ይያያዛሉ።

በኒው ዮርክ ከተማ፣ ሃርለም በሚባለው የጥቁሮች ሠፈር፣ ፌይዝ ሪንጎልድ የሚባሉ ሠዓሊ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1930 ተወልደው በ2024 ዐረፉ። ቅም አያታቸው በባርነት ዘመን ኩዊልት ይሰፉ ነበር፤ እናታቸውም ልብስ ሰፊ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1980 እናትና ልጅ ተባብረው የሃርለም ነዋሪዎች ፊት የተሳለበት ኩዊልት ሠሩ። እናቲቱ በዓመቱ ዐረፉ። ልብሱ ግን እዚያው ሃርለም ባለው ሙዚየም ንብረትነት ይገኛል። በ1988 ደግሞ ሠዓሊዋ ሌላ ሠሩ፤ በበጋ ማታ ቤተሰቡ ጣራ ላይ ወጥቶ፣ ልጆቹ ፍራሽ ላይ ተጋድመው፣ ወላጆቹ ከጎረቤት ጋር ካርታ ሲጫወቱ ያሳያል። እንግዲህ ልብ በሉ፣ የተሳለው ንጉሥ ወይም የጦር አለቃ አይደለም። ጎረቤት ነው።

ለምን ጨርቅ መረጡ ቢባል፣ በእንጨት የተወጠረ ሥዕል ከባድ ነው፤ ጨርቅ ግን ተጠቅልሎ በብብት ይሄዳል። ይህ ነገር ለኛም ይሆናል። ቤቶቻችን ለልማት እንደሚነሡ ከተነገረን ወዲህ ስንቱ ጎረቤት ወደየደረሰው ቦታ ሄዷል። በርና ግድግዳ ተሸክሞ የሚሄድ የለም። ጨርቅ ግን ይሄዳል።

አሠራሩን ሁሉም እንዲያውቀው እንደሚከተለው እንገልጻለን።

1ኛ/ ጨርቁ ጥጥ ይሁን፤ አቡጀዲ ይበቃል። አዲስ ጨርቅ አሚዶ ስላለበት ቀለም አይቀበልም። በሙቅ ውሃና በሳሙና ይታጠብ፤ ማለስለሻ አይጨመርበት። ሳይታጠብ የተሰፋ ጨርቅ ኋላ ይሰበሰብና ስፌቱን ያበላሻል።

2ኛ/ ቀለሙ የጨርቅ ቀለም ይሁን። አክሪሊክ ከሆነ ለጨርቅ የተዘጋጀው ማደባለቂያ ይግባበት። የግድግዳ ቀለም አይሆንም፤ ጨርቁ ሲታጠፍ ይሰነጣጠቃል።

3ኛ/ በስሱ ይቀባ፤ ካልበቃ ሲደርቅ ይደገም። ካወፈራችሁት እኮ ጨርቁ ግትር ይላል፣ መርፌም አያሳልፍም።

4ኛ/ ርጥብ ጨርቅ ላይ ቀለም ይሰራጫል፤ ለሰማይና ለደመና ደግ ነው። ለፊት፣ ለበርና ለጽሑፍ ግን ጨርቁ ደረቅ ይሁን።

5ኛ/ ዙሪያውን አንድ አንድ ጣት ያህል ለስፌት ባዶ ተዉ።

6ኛ/ አንድ ቀንና ሌሊት ካደረ በኋላ በጀርባው በኩል በካውያ ይተኮስ። የሙቀቱ ልክና ደቂቃው በቀለሙ ዕቃ ላይ ተጽፏል። ይህን የዘለለ ሰው ሥዕሉ በመጀመሪያው እጥበት ሊለቅበት ይችላል።

ምን እንሳል ለምትሉ፣ በራችሁን፣ ጀበናችሁን፣ ግቢያችሁ ያለውን ዛፍ፣ ወይም በሞት የተለዩንን ጎረቤት። መሳል የማይችል እጁን ቀለም ቀብቶ ያትም፤ ያም ምስክር ነው። የሄዱትንም አንረሳም። አድራሻቸውን የምታውቁ ቁራጫቸውን አድርሱላቸው።

ገንዘቡን በሚመለከት፣ ለድንኳኑ የተዋጣው አይነካም። ይህ በፈቃድ የሚሰጥ ነው፤ ገንዘብ የሌለው ክር ወይም ጉልበቱን ይስጥ።

«ሲያልቅስ ማን ዘንድ ይቀመጣል?» ለሚለው ሐሳባችን ይህ ነው። ልብሱ እንደ ጽዋ ማኅበር በየተራ ከቤት ወደ ቤት ይዙር። ተረካቢው ሌሎቻችንን ጠርቶ ቡና ያፍላ፤ የሩቁም የቅርቡም ይምጣ። እንዲህ ካደረግን ተበታትነንም መገናኛ አናጣም። ካላደረግን ግን፣ እውነቱን እንነጋገር፣ በሁለት ዓመት ውስጥ የምንገናኘው ለቀብር ብቻ ይሆናል።

ስለዚህ የታጠበና የተቆረጠ ጨርቅ ከማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ ስለሚታደል፣ ከየቤቱ አንድ ሰው መጥቶ እንዲወስድ እናሳስባለን።