ስለ ፑል ዱላ ማኅደር አሠራርና ስለ ጀማሪ ሠራተኛ ዕዳ

(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)




እኛ ሦስት የሠፈር ልጆች ማታ ማታ በአንድ ጓዳ እየተሰባሰብን የቆዳ ሥራ መሥራት ከጀመርን ሦስት ዓመት ሆኖናል። የምንሠራውም የፑል ዱላ የሚቀመጥበትን የቆዳ ማኅደር ነው። «ኧረ ለዱላ ደግሞ ልብስ ምን ያደርግለታል!» የሚለን ሰው ብዙ ስለሆነ፣ ኮሚቴው ስለ ሥራችን እንድናስረዳ ሲጠይቀን በደስታ ተቀብለናል። የምንናገረው ግን እንደ ባለሙያ ሆነን አይደለም፤ ገና በመማር ላይ ነንና።

እንደሚታወቀው በየፑል ቤቱ ግድግዳ ላይ የሚደረደረው ዱላ የቤቱ ነው። ጨዋታውን ከምር የያዘ ሰው ግን የራሱን ይገዛል። ይህ ዱላ ከመሐሉ ተፈትቶ ለሁለት የሚከፈል ሲሆን፣ ተገጥሞ 147 ሴንቲሜትር ያህል፣ ሲፈታ ደግሞ እያንዳንዱ ክፍል 74 ሴንቲሜትር ያህል ይሆናል። እንጨት ነውና እርጥበት ያሳብጠዋል፣ ድርቀት ያኮማትረዋል፤ አንዴ ከጎበጠም ኳሱን አቅንቶ አይመታም። ስለዚህ ማኅደሩ ለጌጥ ብቻ አይደለም፤ እንጨቱን ከግጭትና ከአየር መለዋወጥ ለመጠበቅ ጭምር ነው።

«ማኅደር» ማለታችንም ያለ ምክንያት አይደለም። የቀድሞ አባቶቻችን የብራና መጻሕፍታቸውን በቆዳ ማኅደር ከትተው፣ በማንገቻው ከትከሻቸው አንግተው ሲጓዙ፣ ቤት ሲገቡም ከግድግዳ ሲሰቅሉት ኖረዋል። ዕቃው ይለያይ እንጂ ሐሳቡ አንድ ነው፤ ውስጥ ያለው እንዳይጎዳ ከላይ ያለው ጉዳቱን ይሸከምለታል።

አሠራሩን ባጭሩ እንግለጽ። መጀመሪያ ቆዳ መምረጥ ነው። ለጃኬትና ለጫማ ፊት የሚሆነው አብዛኛው ቆዳ በክሮም የለፋ ስለሆነ ለስላሳ ነው፤ ቅርጽ ይዞ ግን አይቆምም። ለማኅደር የሚሻለው በዛፍ ቅርፊትና በመሳሰለው የለፋ፣ 3 ሚሊሜትር ያህል ውፍረት ያለው የከብት ቆዳ ነው። ይህኛው በውኃ ሲርስ ይታዘዛል፣ ሲደርቅም የሰጡትን ቅርጽ ይዞ ይቀራል። ስለዚህ አርሰን በድቡልቡል የእንጨት ፎርማ ላይ ጠቅልለን እናስረዋለን።

ታዲያ ልክ ስንወስድ ያበላሸነው ቆዳ ትንሽ አይደለም። የፎርማው ወርድ 6.3 ሴንቲሜትር ስለሆነ ዙሪያው 19.8 ነው ብለን በዚያው እንቆርጥ ነበር። ጠቅልለን ልናጋጥመው ስንል አንድ ሴንቲሜትር ያህል አጠረብን! ለካስ ቆዳው ራሱ ውፍረት አለው፤ የእሱም 3 ሚሊሜትር በወርዱ ላይ ተደምሮ ነው ዙሪያው የሚሰላው። ትክክለኛው ልክ 20.7 ነበር።

ቆዳው ሲደርቅ ከፎርማው ወጥቶ ውስጡ በከፋይ ይለበጣል፤ ከዚያ ይሰፋል። ስፌቱ በእጅ ነው። በወስፌ በየ4 ሚሊሜትሩ ይበሳል፤ 80 ሴንቲሜትር ለሚሆነው ስፌት 200 ያህል ቀዳዳ መሆኑ ነው። በሰም በታሸው አንድ ክር ጫፍና ጫፍ ላይ ሁለት መርፌ ይገባል፤ ሁለቱም መርፌዎች ከግራና ከቀኝ በአንዱ ቀዳዳ ይተላለፋሉ። የመኪና ስፌት አንድ ቦታ ሲበጠስ እየላላ ሊተረተር ይችላል፤ በዚህ ዓይነት የተሰፋው ግን አንደኛው መስመር ቢበጠስ ሌላው ይዞት ይቆያል። በመጨረሻም ዱላው ሲከተት የአንዱ ክፍል ወፍራም ጫፍ ከሌላው ቀጭን ጫፍ ጎን እንዲውል ይደረጋል፤ እንዲህ ካልሆነ ሁለቱ ተጣበው አይገቡም።

ይህን ሁሉ ያስተማሩን የእድራችን አባል የነበሩ አንድ ጫማ ሰፊ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰው እግር ሲያለብሱ ኖረው፣ «ፋቂ» እየተባሉ መሰደባቸውን ሲያጫውቱን ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጉ ነበር። አጼ ምኒልክ ሠራተኛን በሥራው መስደብ የሚከለክለውን አዋጅ ያስነገሩት በ1900 ዓ. ም. ነው። አዋጁ መቶ ዓመት አልፎታል፤ ስድቡ ግን ካንዳንድ አፍ ገና አልወጣም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። በመጀመሪያው ክረምታችን አምስት ማኅደር ሸጥን። ቆዳውን ፎርማ ላይ አስረን ካሳደርን በኋላ፣ ላዩ ደረቅ ሲመስለን ከፋዩን በማስቲሽ ለጥፈን እንሰፋው ነበር። ደንበኛ ይጠብቃል፣ ገንዘቡም ያጓጓል፤ ምን ይደረግ! ከሦስት ሳምንት በኋላ አንዱ ደንበኛ ማኅደሩን ይዞ መጣ። ከላይ ሲታይ እንዳማረበት ነው። ሲከፈት ግን ከፋዩ ሻግቷል፤ ቀጭኑን የዱላ ክፍል ጠረጴዛ ላይ ብናንከባልለው ይዘላል፤ ጎብጧል። እኛም ሳናፍር አየሩ ነው፣ እንጨቱ ነው ብለን ተከራከርነው።

ጋሼ ዘንድ ወሰድነው። ምንም ሳይናገሩ ቢላዋቸውን አንሥተው ሁለት ሌሊት የሰፋነውን ስፌት ከዳር እስከ ዳር ተረተሩት። ከዚያ ከፋዩን ገልጠው የቆዳውን ውስጥ በየጉንጫችን አስነኩን። ይቀዘቅዛል። ያልደረቀ ቆዳ ነው እንዲያ የሚቀዘቅዘው። «ልጆች፣ ገዢ የሚያየው ላዩን ነው። ውስጡን ያያችሁት እናንተ ብቻ ናችሁ፤ እሱ ማየት ያልቻለው ሁሉ የእናንተ ዕዳ ነው» አሉን።

ለሰውዬው ገንዘቡን መለስን፤ የጎበጠውንም የዱላ ክፍል አዲስ ገዝተን ተካንለት። የቀሩትን አራቱን በተመለከተ ግን እርስ በርስ ተጣላን። ከመካከላችን አንዱ «ካልመጡብን ምን አስነካን?» አለ። እውነቱን ለመናገር፣ ሌሎቻችንም በልባችን እንደዚያው እናስብ ነበር። በመጨረሻ ግን ዕዳ ነው ከተባለ ባለ ገንዘቡ እስኪጠይቅ አይጠበቅም ብለን በየፑል ቤቱ ዞርን። ሁለቱን አገኘን፤ ፈትተን፣ አድርቀን፣ ያለ ክፍያ እንደገና ሠራናቸው። ሁለቱ እስከ ዛሬ አልተገኙም።

ከዚያ ወዲህ ቆዳው ከፎርማ ላይ ከወጣ በኋላ በየቀኑ እንመዝነዋለን። ክብደቱ ሁለት ቀን በተከታታይ ሳይቀንስ ካልቀረና ጉንጭ ላይ መቀዝቀዙን ካልተወ ከፋይ አይነካውም። በክረምት ይህ ከሳምንት በላይ ይፈጃል። ደንበኛውም ይቆጣል፤ ይቆጣ። ቆዳም ሰውም ሳይለፋ ለሥራ አይሆንም።

ባለፈው ዓመት ጡሩምባው ስለ ጋሼ ሲነፋ ሁላችሁም ሰምታችኋል። ድንኳኑን ከተከሉት፣ አስከሬናቸውንም ከተሸከሙት መካከል እኛ ነበርን። በሰልስቱ ልጃቸው የሚሠሩበትን ወስፌ በጨርቅ ጠቅልላ ሰጠችን። እጀታው በእሳቸው ጣት ልክ ስለተበላ ለእኛ እጅ ገና አልተመቸም፤ ግን የምንበሳው በእሱ ነው።

እንግዲህ ሁለት ነገር ለምነን ንግግራችንን እንጨርሳለን። አንደኛ፣ ያልተገኙት ሁለት ማኅደሮች ቡናማ ሆነው በቀይ ክር የተሰፉ ናቸው። በልጅ፣ በዘመድ ወይም በጎረቤት እጅ ያየ አባል ቢኖር እባካችሁ ይጠቁመን፤ ፈትተን በነጻ እንሠራለን፤ የተበላሸ ዱላ ካለም እንተካለን። ሁለተኛ፣ ቆዳ መስፋት የሚፈልግ ልጅ ያላችሁ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ላኩልን። መጀመሪያ የምናስተምረው ግን መስፋት አይደለም፤ የራሱን ስፌት መተርተር ነው።

ፈጣሪ ለጋሼና ላለፉት አባላቶቻችን ሁሉ ነፍስ ይማርልን፤ የቀረነውን በሰላም ለዓመቱ ያድርሰን።