አምባላዩ ፈረስና ስም የለሹ ጦርነት



ዛሬ የምናገረው ስለ ሆላንዳዊው ሠዓሊ ስለ ፊሊፕስ ዋውወርማን ነው። ይህ ሰው በአውሮጳ አቈጣጠር በ1619 በሐርሌም ከተማ ተወልዶ በ1668 በዚያው ሞተ። በልጅነቱና በጕልማሳነቱ አገሩ ከእስፓኝ ጋር ትዋጋ ነበር፤ ሰላም የወረደው በ1648 ነው።

ፈረሶቹን ተመልከቱ። አንዱ በኋላ እግሮቹ ይቆማል፤ አንዱ ጋላቢውን ጥሎ ይሸሻል፤ አንዱ ወድቆ ይንፈራገጣል። በባሩዱ ጢስ መካከል ብዙ ጊዜ አንድ አምባላይ ፈረስ አይጠፋም፤ የሠዓሊው መታወቂያ እስከ መሆን ደርሷል። ዓይን መጀመሪያ በእርሱ ላይ ስለሚያርፍ፥ የተመሰቃቀለው ሜዳ ሥርዓት ያገኛል።

በብዙዎቹ ሥዕሎቹ ግን ውጊያው የት እንደ ተደረገ፥ ማንስ ድል እንዳደረገ አይታወቅም። ስለዚህ «ጌጥ ነው እንጂ ታሪክ አይደለም» የሚል ሰው ይኖራል። እኔ በዚህ አልስማማም። የንጉሥ ሠዓሊ ድሉን ለጌታው ይሰጣል፤ ዋውወርማን ለማንም አልሰጠም። ተመልካቹ ለማን እንደሚያጨበጭብ ስለማያውቅ፥ የወደቁትን ለመቍጠር ይገደዳል። ይህም ራሱ እውነት ነው።

እንግዲህ የጦርነት ሥዕል ስታዩ፥ ከሰንደቅ ዓላማው አስቀድማችሁ ፈረሱን እንድትመለከቱ እለምናችኋለሁ።