ፀረ ሰላይ ፕሮግራም ማስታወቂያን ሊያግድ የቻለው እንዴት ነው?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ሳምንት በአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



 ከእኔ በፊት የተናገሩት ጓደኞቼ ስለ ትምህርት ጥቅምና ስለ አገር ፍቅር መልካም ነገር አሰምተዋችኋል። እኔ ግን ዝቅ ወዳለ ጉዳይ እወርዳለሁ፤ ይኸውም በኮምፕዩተር ገጽ ላይ ሳይጠሩት ስለሚመጣው ማስታወቂያና ከደጅ ስለሚመልሰው ዘበኛ ነው።

ነገሩን የምጀምረው ከገዛ ጥፋቴ ነው። ባለፈው ዓመት እኔና ሁለት ጓደኞቼ በኮምፕዩተር ክፍል የኬሚስትሪ ጽሑፍ ስናዘጋጅ፣ አንዱን ፋይል ወደ ሌላ ዓይነት የሚለውጥ ነፃ ፕሮግራም አስፈለገን። በከፈትነው ገጽ ላይ «አውርድ» የሚል ትልቅ አረንጓዴ ምልክት ነበረ፤ እኔም ሳላመነታ ተጫንሁት። ለካ ምልክቱ የገጹ ባለቤት ያኖረው ሳይሆን የማስታወቂያ ሥዕል ኖሯል! የወረደው ፕሮግራም ፋይላችንን አልለወጠም፤ ይልቁንስ የመፈለጊያውን ገጽ ለወጠ። አንድ ገጽ ስንከፍት አራት መስኮት ይዘረገፍ ጀመር። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ እንደሚባለው፣ እሱው ራሱ «ኮምፕዩተርዎ ታሟል፤ መድኃኒት ይግዙ» እያለ ያስፈራራን ነበር።

በማግሥቱ መምህራችን ያንን ኮምፕዩተር ዘጉት። ከእኛ በኋላ ተቀምጦበት የነበረው አንድ የ9ኛ ክፍል ልጅ ተጠረጠረና ወደ ክፍሉ እንዳይገባ ተከለከለ። እኔ 3 ቀን ዝም አልሁ። በ4ኛው ቀን ግን ልጁ በዕረፍት ሰዓት ከበሩ አጠገብ ቆሞ ሌሎች ሲገቡ ሲመለከት ባየሁት ጊዜ አላስችለኝ አለና ሄጄ ተናገርሁ። መምህራችንም ብዙ አልተቆጡም፤ «እንግዲያስ አንተው አድነው» አሉኝ። ዛሬ የምነግራችሁ እውቀት የዚያ ቅጣት ፍሬ ነው።

ማስታወቂያንና ሰላይን ምን አገናኛቸው? ሆትዋየርድ የተባለው የአሜሪካ ገጽ ረጅም የሥዕል ማስታወቂያዎችን ማሳየት የጀመረው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1994 ዓ.ም. ነው። በዚያው ዓመት የኔትስኬፕ ባልደረባ ሉ ሞንቱሊ ኩኪ የምትባለውን ትንሽ የማስታወሻ ጽሑፍ ፈጠረ። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም፤ አንድ ገጽ የመጣበትን እንግዳ በሚቀጥለው ጊዜ እንዲያውቀው ነው። ነገር ግን ሥዕላቸውን በብዙ ገጾች ላይ የሚሰቅሉ የማስታወቂያ ድርጅቶች በዚህችው ማስታወሻ አንድን ሰው ከገጽ ወደ ገጽ መከተል ቻሉ። ቀጥሎም ከነፃ ፕሮግራሞች ጋር ተደብቀው የሚገቡ መጡ። በ2000 ዓ.ም. ስቲቭ ጊብሰን የተባለ አሜሪካዊ ባለሙያ በገዛ ኮምፕዩተሩ ውስጥ ሳያውቅ የተተከለ የማስታወቂያ ፕሮግራም አግኝቶ፣ ኦፕት አውት የተባለውን የመጀመሪያ ፀረ ሰላይ ፕሮግራም ሠራ። እንግዲህ ሰላዩና የማስታወቂያ ነጋዴው ከአንድ መሶብ የሚበሉ ስለ ሆኑ፣ ሰላዩን ለማባረር የተሠራው መሣሪያ ማስታወቂያውንም መንካቱ አያስደንቅም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። አንድ ገጽ እንደ ሠርግ ድግስ ነው። እንጀራው ከደጋሹ ቤት ይወጣል፤ ጠላው ግን ከጎረቤት፣ ድንኳኑም ከሌላ ሰፈር ይመጣል። እንዲሁም ጽሑፉ ከገጹ ባለቤት ሰርቨር ሲመጣ፣ ማስታወቂያው አብዛኛውን ጊዜ የሚጠራው ከሌላ ሰርቨር ነው። ብራውዘራችን ያን ሰርቨር ለመጥራት በመጀመሪያ ስሙን ወደ ቁጥር መለወጥ አለበት፤ ኮምፕዩተሮች የሚገናኙት በቁጥር አድራሻ ነውና።

ድሮ የስሞቹ መዝገብ አንድ ፋይል ብቻ ነበረ። በካሊፎርኒያ የሚገኘው የስታንፎርድ የምርምር ተቋም ይጠብቀው ነበር፤ ሌሎቹም እየገለበጡ ይወስዱት ነበር። መዝገቡ ከመጠን በላይ ስላደገ ፖል ሞካፔትሪስ በ1983 ዓ.ም. ዛሬ የምንሠራበትን የስም ማውጫ ሥርዓት አወጣ። ይሁን እንጂ አሮጌው ፋይል አልጠፋም። ሆስትስ በሚል ስም እስከ ዛሬ በየኮምፕዩተሩ ውስጥ ተቀምጧል፤ ማሽኑም ወደ ውጭ ከመጠየቁ በፊት ይህን የቤት መዝገብ ይመለከታል። (እኔ ይህን ሳነብ የሴት አያቴ ሣጥን ትዝ አለኝ፤ ያልተጣለ ነገር ሁሉ እዚያ ይገኛል።)

እንደ ስፓይቦት ያሉት ፀረ ሰላይ ፕሮግራሞች የሚጠቀሙበት ብልኀት እዚህ ላይ ነው። ስፓይቦት «ክትባት» በሚለው ክፍሉ የታወቁ መጥፎ ሰርቨሮችን ስም በዚያ ፋይል ውስጥ ይጽፍና በአጠገባቸው 127.0.0.1 የሚል ቁጥር ያኖራል። ይህ ቁጥር የማንም አድራሻ አይደለም፤ ትርጉሙ «እኔው ራሴ» ማለት ነው። ስለዚህ ብራውዘሩ ማስታወቂያውን ሊጠራ ሲል መልእክተኛው ከግቢው ሳይወጣ ወደ ገዛ ቤቱ ይመለሳል፤ እዚያም የሚመልስለት የለም። ሥዕሉ የነበረበት ቦታ ባዶ ይቀራል።

መምህራችን እያዩኝ 10 ስሞች በእጄ ጻፍሁ። ገጹን እንደ ገና ስከፍተው ማስታወቂያ በነበረበት ሁሉ ነጭ አራት ማዕዘን ቆሟል። እውነቱን ለመናገር፣ ከፈተና ውጤት ይልቅ ያ ባዶ ቦታ አስደሰተኝ። ወላጆቼ ሆይ፣ ይህ ለእናንተም ኪስ ነው፤ ልጆቻችሁ በሜጋባይት በሚገዙት ጥቅል ላይ ያልተጠራው ሥዕል አይቆጠርም።

ጉድለቱን ግን አልደብቅም። ማስታወቂያው ከጽሑፉ ጋር ከአንድ ሰርቨር የመጣ እንደ ሆነ ፋይሉ ሊለየው አይችልም። ደግሞም እያንዳንዱ ስም ለየብቻው መጻፍ አለበት። ከዚህም የባሰው፣ ሌባውም ይህንኑ ፋይል ያውቀዋል፦ በ2004 ዓ.ም. የተነሣው ማይዱም ቢ የተባለው ትል የፀረ ቫይረስ ድርጅቶችን ስም በዚያው መዝገብ ውስጥ እየጻፈ፣ የታመመው ኮምፕዩተር መድኃኒቱን እንዳያገኝ ይዘጋበት ነበር። ዛሬ እንደ ዩብሎክ ኦሪጅን ያሉ፣ በብራውዘሩ ላይ የሚጨመሩ ማገጃዎች ይበልጥ ይረቅቃሉ፤ ባዶውን ቦታ እንኳ ያጥፋሉ። በስልክ ላይ የሆስትስ ፋይል ለተጠቃሚው ስለማይከፈት የሚሻለው እነሱ ናቸው።

አንድ ጓደኛዬ «ጋዜጦች የሚኖሩት በማስታወቂያ ነው፤ ሁሉም ቢያግድ ጸሐፊው ምን ይበላል?» እያለ ይከራከረኛል። ክርክሩ ውኃ የሚቋጥር ነው። እኔም ለማምናቸው ጥቂት ገጾች ማገጃውን አነሣለሁ። ነገር ግን በ2009 ዓ.ም. በታላቁ በኒው ዮርክ ታይምስ ገጽ ላይ እንኳ እኛን እንዳታለለን ያለ የሐሰት ፀረ ቫይረስ ማስታወቂያ ሾልኮ ገብቶ ነበር። የአሜሪካ የፌዴራል ምርመራ ቢሮም በታኅሣሥ 2022፣ አታላዮች በመፈለጊያ ገጾች ላይ ማስታወቂያ እየገዙ የሌሎችን ስም ስለሚያስመስሉ፣ ሕዝቡ ማገጃ እንዲጠቀም መክሯል። ደጁን የማይጠብቅ ነጋዴ እኔ ደጄን በመዝጋቴ ሊወቅሰኝ አይገባም ባይ ነኝ።

ያ ኮምፕዩተር ድኗል፤ ከመስኮቱ በኩል ሦስተኛው ነው። ያለ ጥፋቱ የተጠረጠረውም ልጅ አሁን 10ኛ ክፍል ገብቷል፤ ይቅርታ ጠይቄዋለሁ፤ ስሞቹን ስጽፍም አብሮኝ ተቀምጦ ነበር። ነገ ከሰዓት በኋላ የሆስትስን ፋይል ለማየት ለሚፈልጉ ወላጆች ከፍቶ የሚያሳያቸው እሱ ነው።