ከማይታይ ሕመም ጋር ለሚኖሩ ወገኖች የዕለት ተግባር ድጋፍ
(ለማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኞችና ለሰበካ ጉባኤ አባላት በተዘጋጀ የምክክር መድረክ የቀረበ ንግግር)



ንግግራችንን የምንጀምረው በራሳችን ስህተት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በቁጠባና ብድር ማኅበር ካደራጀናቸው እናቶች አንዲቱ እንጀራ ጋግራ በመሸጥ ልጆቿን ታሳድግ ነበር። አንድ ሳምንት ከሁሉ ቀድማ ትመጣለች፤ በሚቀጥለው ሳምንት ትቀራለች። ምክንያቷን ስንጠይቃት «ሰውነቴን ሁሉ ያመኛል፤ ተኝቼም ደክሞኝ እነሣለሁ» ትለናለች። ወደ ሕክምና ልከናት ደሟም ራጇም ደኅና ነው ተባለ። ጎረቤት ሰነፍ አላት፤ ባለቤቷ አኮረፈ፤ እኛም ሰበብ ታበዛለች ብለን ከብድሩ ዙር አወጣናት። ሕመሟ ፋይብሮማያልጂያ መሆኑ የታወቀው ከሁለት ዓመት በኋላ ነበር። እስከዚያው ግን ምጣዷን ሸጣ ጨርሳለች።

ፋይብሮማያልጂያ በመላ አካል ላይ ከሦስት ወር በላይ የሚዘልቅ ሕመም፣ ብርቱ ድካም፣ የማያሳርፍ እንቅልፍና የማስታወስ ችግር አንድ ላይ የሚታዩበት ደዌ ነው። መገጣጠሚያን አያፈርስም፤ ጡንቻንም አያበሰብስም። የሚታወከው የሕመም ስሜትን የሚያስተላልፈውና የሚመዝነው የነርቭ ሥርዓት ነው፤ ቀላሉን መነካት እንደ ከባድ ምት ይቆጥረዋል። በደም ምርመራና በራጅ የማይታየውም ስለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው የአሜሪካ የሩማቶሎጂ ኮሌጅ መስፈርት ከ18 የሰውነት ነጥቦች 11ዱ ሲጫኑ እንዲያሙ ይጠይቅ ነበር፤ ከ2010 ወዲህ ግን ሐኪሙ የሕመሙን ስፋት፣ ድካሙንና እንቅልፉን ጠይቆ ይወስናል። የታይሮይድ ጉድለትና የመገጣጠሚያ ብግነት ተመሳሳይ ምልክት ስላላቸው አስቀድሞ እነርሱን መመርመር ይገባል። በልዩ ልዩ አገሮች በተደረጉ ጥናቶች ከመቶ ሰዎች ከሁለት እስከ አራት የሚሆኑት ይህ ሕመም አለባቸው፤ የሚበዙትም ሴቶች ናቸው።

ሕመሙን ፈጽሞ የሚያጠፋ መድኃኒት እስካሁን አልተገኘም። በሐኪም የሚታዘዙ አንዳንድ መድኃኒቶች እንቅልፍንና ሕመምን በመጠኑ ያሻሽላሉ። የአውሮፓ የሩማቶሎጂ ማኅበራት ኅብረት በ2017 ባወጣው ምክር ከሁሉ አጠንክሮ የደገፈው በልክ የሚደረግ የሰውነት እንቅስቃሴን ነው። እንግዲህ ጥያቄው እንዲህ ይሆናል፦ ውኃ የምትቀዳ፣ ሊጥ የምታቦካ፣ ልጅ የምታዝል እናት ቀኗን እንዴት ታሳልፍ?

ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጠው ሙያ ኦኩፔሽናል ቴራፒ ይባላል፤ በእኛ አነጋገር የዕለት ተግባር ሕክምና ልንለው እንችላለን። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1917 በማኅበር ተደራጅቶ የተጀመረ ሲሆን የዓለም ፌዴሬሽኑ በ1952 ተመሥርቷል። ፊዚዮቴራፒ የአካልን ጥንካሬና እንቅስቃሴ ሲያክም፣ ይህኛው ሰውየው ሊሠራው ከሚፈልገው ተግባር ይነሣል። ባለሙያው «የት ያምምሻል?» ብቻ ብሎ አያበቃም፤ «ምን መሥራት አቃተሽ? ከእነዚህስ የትኛው ይበልጥብሻል?» ብሎ ይጠይቃል።

የመጀመሪያው ሥራ የአንድ ወይም የሁለት ሳምንት ውሎን መመዝገብ ነው። መጻፍ ለማይችሉ ልጆቻቸው ይጽፉላቸዋል። ከመዝገቡ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነገር ይገለጣል፦ ሕመምተኛዋ በተሻላት ቀን የተከማቸውን ሥራ ሁሉ ታነሣለች፤ ከዚያም ሦስት ቀን ትተኛለች። መፍትሔው ሥራን በልክ መከፋፈል ነው። ዕረፍት የሚወሰደው ሕመሙ ሲበረታ ሳይሆን ከመበርታቱ በፊት፣ በሰዓት ተወስኖ ነው። ለምሳሌ ሃያ ደቂቃ ሠርቶ አምስት ደቂቃ መቀመጥ፤ ሲለመድም የሥራውን ጊዜ ቀስ በቀስ ማሳደግ ይቻላል። በተሻለ ቀንም ከልክ አለማለፍ ይገባል፤ ይህ ከሁሉ የሚከብደው ትምህርት ነው።

ሁለተኛው መሣሪያንና ቦታን ማመቻቸት ነው። ሃያ ሊትር የሚይዝ ጀሪካን በውኃ ሲሞላ ሃያ ኪሎ ይመዝናል፤ በትናንሽ ዕቃዎች ተከፋፍሎ በሁለት እጅ ሲያዝ ግን ጀርባን ያሳርፋል። ምጣዱን ከመሬት አንሥቶ በወገብ ቁመት ማስቀመጥ፣ መጥረጊያውን እጀታ ማስረዘም፣ ሽንኩርት ሲከተፍ በርጩማ ላይ መቀመጥ ብዙ ገንዘብ አይጠይቁም። ሦስተኛው ሥራን ማስቀደምና ማካፈል ነው፤ የትኛው ለነገ ይቆይ፣ የትኛውስ ለባልና ለልጆች ይሰጥ ተብሎ ከቤተሰቡ ጋር ይመከራል። በመጨረሻም የመኝታና የመነሻ ሰዓትን አንድ ማድረግ፣ ከሰዓት በኋላም ቡናን መቀነስ ይመከራል። ቡና የጎረቤት መገናኛ ስለሆነ ግን ቡናው ቀርቶ ጨዋታው እንዳይቀር እንመክራለን፤ ብቸኝነት ሕመምን ያብሳልና።

ጉዳዩ ቤተ ክርስቲያንንም ይነካል። ብዙ እናቶች ቆመው ማስቀደስ ስላልቻሉ አፍረው ከቅዳሴ ይቀራሉ። ሊቃውንቱ በረጅሙ የማኅሌት አገልግሎት መቋሚያ የሚደገፉት የሰውን አቅም ከማወቅ የተነሣ ነው። ለደካማ ሰው በጥግ አግዳሚ ወንበር ማኖር፣ ስለ ስግደትና ስለ ጾም ከንስሐ አባት ጋር እንዲመክር መንገር ቀላል ነው፤ ለሕመምተኛው ግን ወደ ማኅበሩ መመለሻ በር ነው። ጸበል የሚጠመቁትም የሐኪም መድኃኒታቸውን እንዳያቋርጡ አገልጋዮች እንዲያሳስቡ እንለምናለን።

በሀገራችን የዚህ ሙያ ባለሙያዎች ገና ጥቂት ናቸው። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ትምህርቱን መስጠት መጀመሩ ተስፋ ሰጪ ነው። ባለሙያ በሌለበት አካባቢ ሕመምተኛውን በመጀመሪያ ወደ ውስጥ ደዌ ሐኪም፣ ቀጥሎም የፊዚዮቴራፒ ክፍል ወዳለው ሆስፒታል መላክ ይቻላል። ወደዚያ ስትልኩ የሁለት ሳምንቱን የውሎ መዝገብና ሦስት የተቸገረባቸውን ተግባራት ጽፋችሁ ስጡት፤ «ያመኛል» ከሚለው ቃል ይልቅ «ልጄን ማዘል አልቻልሁም» የሚለው ለባለሙያው መነሻ ይሆነዋል።

ያቺን እናት ፈልገን ይቅርታ ጠየቅናት፤ ወደ ማኅበሩም ተመለሰች። ዛሬ የምትጋግረው ከቀድሞው በግማሽ ያነሰ ነው፤ ጠዋት ጥቂት፣ ከሰዓት በኋላ ጥቂት፣ ከእህቷ ልጅ ጋር ተጋግዛ። ሕመሟ አልተወገደም፤ ክፉ ሳምንትም ይመጣባታል። በዚያ ሳምንት ስትቀር ግን ከማኅበሩ አንዲት ሴት ሄዳ ትጠይቃታለች፤ የብድር ክፍያዋም በሁለት ሳምንት ይራዘምላታል። ይህን የመተዳደሪያ ደንብ የጻፍነው ከእርሷ ተምረን ነው።

ስለዚህ አደራችን አጭር ነው፤ በየማኅበራችሁ የሚቀሩትን ስም ከመዝገብ ከመሰረዛችሁ በፊት ቤታቸው ሄዳችሁ ውሏቸውን ጠይቁ።