የጨዋታው ፈቃድና ከጨዋታው በኋላ የሚወርደው ይዘት ፈቃድ

(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



አንድ የኮምፒዩተር ጨዋታ «ነፃ ነው» ሲባል ሰሚው አብዛኛውን ጊዜ የሚረዳው ገንዘብ እንደማይከፈልበት ነው። የሶፍትዌር ጥቅል የሚያዘጋጀው ባለሙያ ግን ከዋጋው አስቀድሞ የሚጠይቀው ሌላ ነው፤ ይኸውም ሥራውን ማባዛት፣ ማሻሻል፣ ለሌላ ማስተላለፍ፣ ቢያስፈልግም በዲስክ ቀድቶ መሸጥ ይፈቀዳልን? የሚል ነው። ይህ ጥያቄ በጨዋታ ላይ ሲነሣ መልሱ እንደሌላው ሶፍትዌር ቀላል አይሆንም። (በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዓመታት፣ በተለይ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የጽሑፍ ማዘጋጃ ፕሮግራም አብዛኛው አካሉ ኮድ ነው። ጨዋታ ግን ከሁለት ወገን የተሠራ ነው፤ አንደኛው ሞተሩ፣ ማለትም ፕሮግራሙ ሲሆን፣ ሁለተኛው ሥዕሉ፣ ድምፁ፣ ሙዚቃውና ካርታው ነው። ሁለቱን ወገኖች የሠሯቸው ሰዎች የተለያዩ፣ የሰጡትም ፈቃድ የተለያየ ሊሆን ይችላል። ኢድ ሶፍትዌር የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1993 ያወጣውን የዱም ጨዋታ ምንጭ ኮድ በ1997 መጨረሻ ለሕዝብ ለቀቀ፤ በ1999ም ጂ.ፒ.ኤል. በተባለው ፈቃድ ሥር አደረገው። ሥዕሉንና ድምፁን ግን አብሮ አልለቀቀም። ሞተሩ ተሰጠ፤ ጭነቱ ከባለቤቱ ዘንድ ቀረ። ፍሪዱም የተባለው የበጎ ፈቃደኞች ሥራ የተነሣውም ይህንኑ ባዶ ቦታ ለመሙላት ነው።

ጥቅል አዘጋጆች ለዚህ ዐይነቱ ጉዳይ ያበጁት ሥርዐት አለ። ከእነዚህም የታወቀው በ1993 ኢያን መርዶክ የመሠረተው የደቢያን ሥርዐት ነው። ደቢያን በ1997 ባጸደቀው ማኅበራዊ ውል መሠረት ሜይን በተባለው ዋና ክፍል የሚገባው ሙሉ በሙሉ ነፃ የሆነ ሥራ ብቻ ነው። ራሱ ነፃ ሆኖ ነፃ ያልሆነ ነገር ካላገኘ የማይሠራው ኮንትሪብ ወደተባለው ክፍል ይሄዳል። ነፃ ያልሆነው ደግሞ ለብቻው ነን ፍሪ በተባለው ክፍል ይቀመጣል። «ለንግድ አይዋል» የሚል አንድ ሐረግ ያለበት ሥዕል፣ ሥዕሉ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ዋናውን በር አያልፍም።

የዚህን አሠራር ውጤት በግልጽ ከሚያሳዩት ጨዋታዎች አንዱ ኦፕን ቲ ቲ ዲ ነው። ክሪስ ሶየር የደረሰው ትራንስፖርት ታይኩን ዴሉክስ የተባለ የባቡርና የመንገድ ማጓጓዣ ጨዋታ በ1995 ወጥቶ ነበር። በ2004 ሉድቪግ ስትሪጌውስ የጨዋታውን አሠራር መርምሮ እንደገና የጻፈውን ኮድ በጂ.ፒ.ኤል. አወጣ። ኮዱ ነፃ ሆነ፤ ነገር ግን ተጫዋቹ ሥዕሉንና ድምፁን ከቀድሞው ዲስክ ማምጣት ነበረበት። ስለዚህ በጎ ፈቃደኞች ኦፕን ጂ ኤፍ ኤክስ የተባለውን የሥዕል ስብስብ፣ ኦፕን ኤስ ኤፍ ኤክስ የተባለውንም የድምፅ ስብስብ አዘጋጁ፤ በ2010 የወጣው 1.0 የተባለው እትምም የቀድሞውን ዲስክ ሳይሻ ሊሠራ ቻለ።

እዚህ ላይ አንድ ሊታለፍ የማይገባው ነገር አለ። የሥዕሉ ስብስብ በጂ.ፒ.ኤል. ስለወጣ ችግር አልነበረበትም። የድምፁ ስብስብ ግን የወጣው ሳምፕሊንግ ፕላስ በተባለ የክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ነበር። ይህ ፈቃድ ከድምፁ ቀንሶ በሌላ ሥራ ውስጥ ማስገባትን ይፈቅዳል፤ ድምፁን እንዳለ ማሰራጨትን ግን ከንግድ ውጭ ለሆነ ዓላማ ብቻ ይወስነዋል። ስለዚህም በደቢያን ዘንድ ጨዋታው ዋናው ክፍል ሲገባ ድምፁ ነን ፍሪ በተባለው ክፍል ተቀመጠ። የባቡሩ ፉጨት ከባቡሩ ተለይቶ ሌላ ግቢ አደረ ማለት ነው! ፈቃዱ የተለወጠው ብዙ ቆይቶ ነው፤ ድምፁን የሰጡት ሰዎች ብዙዎች በሆኑ ጊዜ ፈቃድ ማስለወጥ እያንዳንዱን ፈልጎ ማስማማትን ይጠይቃልና።

እስካሁን የተነገረው በጥቅሉ ውስጥ ስላለው ነው። ትልቁ ጉዳይ ግን ጥቅሉ ከተፈታ በኋላ የሚመጣው ነው። ኦፕን ቲ ቲ ዲ በ2009 ከጨዋታው ሳይወጡ ተጨማሪ ይዘት የሚወርድበትን አገልግሎት ጀመረ፤ አዳዲስ ባቡሮች፣ ካርታዎችና ሙዚቃዎች በአንድ ቍልፍ ይወርዳሉ። እዚያ ይዘት የሚያስገባ ደራሲ ፈቃዱን የሚመርጠው ራሱ ነው፤ አንዱ ጂ.ፒ.ኤል.ን ይመርጣል፣ ሌላው ንግድንም ማሻሻልንም የሚከለክለውን፣ ሌላውም የራሱን ቃል ይጽፋል። ደራሲው ለሰርቨሩ ባለቤት የማሰራጨት ፈቃድ መስጠቱ ለሌላ ለማንም መስጠቱ አይደለም። ጥቅል አዘጋጁ ስለ ሳጥኑ ውስጥ መልስ ሊሰጥ ይችላል፤ ሳጥኑ ግን በር አለው፤ በበሩ የሚገባውንም አላየውም።

ጉዳቱ የሚታየው ሥራ ላይ ነው። የተቀመጠ ጨዋታ እንደገና ሲከፈት የተጠቀመባቸውን ተጨማሪዎች በመለያ ቍጥራቸው ይፈልጋል። ከተጨማሪዎቹ በአንዱ ላይ ስሕተት ቢገኝና ፈቃዱ ማሻሻልን ቢከለክል፣ ጥገናውን የሚያውቅ ሰው እንኳ አርሞ ሊያከፋፍለው አይችልም።

በ2003 በዴቪድ ዋይት የተጀመረው ባትል ፎር ዌስኖት ሌላ መንገድ ያዘ። በተጨማሪ ይዘት ሰርቨሩ ላይ ሥራውን የሚያስገባ ሁሉ በጂ.ፒ.ኤል. ሥር እንዲያስገባ ተደነገገ፤ ኋላም ለሥዕልና ለሙዚቃ አንድ የክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ተጨመረ። ይህ የተሻለ ነው፤ ጥያቄው የሚጠየቀው ደራሲው እዚያው በር ላይ ቆሞ ሳለ ነውና። ሆኖም ፍጹም አይደለም። ከሌላ ሰው አልበም የወሰደውን ዜማ የራሱ አስመስሎ የሚያስገባ ወጣት ያልያዘውን መብት ሊሰጥ አይችልም፤ ደንቡም ይህን ከመጠርጠር በቀር ማወቂያ የለውም።

ነገሩ ለእኛም አገር ሩቅ አይደለም። የቅጂና የተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 410/1996 (ዓመቱ እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) የኮምፒዩተር ፕሮግራምን ጥበቃ ከሚደረግላቸው ሥራዎች መካከል ቈጥሮታል፤ ፈቃድ ያልተጻፈበት ሥራም ባለቤት የሌለው ሥራ አይደለም። አንድ መምህር ጨዋታውን ከነተጨማሪው አንድ ጊዜ አውርዶ በፍላሽ ወደ ሠላሳ ኮምፒዩተሮች ቢያዛውር፣ ኢንተርኔት በሌለበት ክፍል ተገቢ አሠራር ይመስላል፤ ለጨዋታውም ተገቢ ነው። ለተጨማሪዎቹ ግን መልሱ በእያንዳንዱ ፋይል ላይ ይለያያል። ያንኑ ፍላሽ እያስከፈለ የሚጭን ሱቅ ሲሆን ደግሞ «ለንግድ አይዋል» የሚለው ሐረግ በቀጥታ ይደርስበታል።

ልምድ ያለው ጥቅል አዘጋጅ እንግዲህ የሚያደርገው ይህ ነው፦ ጨዋታው ያለ ተጨማሪው ተነሥቶ እስከ መጨረሻው መጫወት መቻሉን ይፈትናል፤ ተጨማሪውን በጥቅሉ ውስጥ ማስገባት ሲፈልግ የእያንዳንዱን ፋይል ደራሲና ፈቃድ ይመዘግባል፤ ፈቃድ ያልተጻፈበት ሲያጋጥመው ለደራሲው ይጽፋል። ደራሲው መልስ ከሰጠ መልሱ ከፋይሉ ጋር ይቀመጣል። አድራሻውን ቀይሮ ካልተገኘ ግን ፋይሉ እዚያው ሰርቨሩ ላይ ይቀራል፤ ጥቅሉም ያለ እርሱ ይወጣል።