ኮከቡ ሕዋስና የውኃ በሮቹ፦ የአስትሮሳይት ሽፋን አወቃቀር ምን አስተማረን?



ርዕሴ የአስትሮሳይት ሽፋን ነው። ጠባብ ርዕስ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን በዚህ ሽፋን ላይ የታየ አንድ ንድፍ ትርጉሙ ሳይታወቅ ከሃያ ዓመታት በላይ ከቆየ በኋላ፣ ዓይን የሚያሳውርና እግር የሚያሽመደምድ በሽታን ለመረዳት ቁልፍ ሆኗል።

አስትሮሳይት ስሙን ያገኘው «ኮከብ» ከሚለው የግሪክኛ ቃል ነው። ከዚህ የአንጎል ሕዋስ የሚወጡ አንዳንድ ቅርንጫፎች ጫፋቸው እንደ እግር መዳፍ ሰፍቶ ደቃቅ የደም ሥሮችን ዙሪያቸውን ይሸፍናል። የሕዋሱ ሽፋን በሁሉም ስፍራ አንድ ዓይነት አይደለም፤ ወደ ደም ሥር የዞረው ገጽ ከሌላው በግልጽ ይለያል።

ልዩነቱ የታየው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ነው። ተመራማሪዎች የአንጎልን ሥጋ በፍጥነት አቀዝቅዘው ይሰነጥቁት ነበር። ስንጥቁ የሽፋኑን ሁለት የስብ ንጣፎች እንደ ባቄላ ክክ ይለያያቸዋል። የተገለጠውን ገጽ ቅርጽ በፕላቲኒየምና በካርቦን ቀድተው በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲመለከቱ፣ ደቃቅ ቅንጣቶች ቀጥ ባሉ ረድፎች፣ በአራት ማዕዘን ሥርዓት ተደርድረው አገኙ። እነዚህ ድርድሮች ኦርቶጎናል አሬይ ተባሉ። ቅንጣቶቹ ከምን እንደተሠሩ ግን ምስሉ ብቻውን ሊናገር አልቻለም።

መልሱ የመጣው ከሌላ አቅጣጫ ነው። ፒተር አግሬና ባልደረቦቹ በ1992 አኳፖሪን የተባለው ፕሮቲን ውኃን በሕዋስ ሽፋን እንደሚያሳልፍ አሳዩ፤ ለዚህም አግሬ የ2003ን የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተጋርቷል። በአንጎል በብዛት የሚገኘው አኳፖሪን 4 በ1994 ታወቀ። በ1997 ደግሞ ይህ ፕሮቲን በሌላቸው አይጦች ሽፋን ላይ ድርድሮቹ ጨርሶ እንደማይታዩ ተረጋገጠ። እያንዳንዱ ቅንጣት አራት አሃዶች ያሉት ሲሆን፣ እያንዳንዱ አሃድ የራሱ የውኃ መተላለፊያ አለው። ፕሮቲኑ ኤም 1 እና ኤም 23 የተባሉ ሁለት ዋና መልኮች አሉት፤ አጭሩ ኤም 23 ድርድሩን ይገነባል፣ ረጅሙ ኤም 1 ግን ለብቻው ትልልቅ ድርድር አይሠራም።

ወደ ሕሙማኑ እንመለስ። ኒውሮማየላይቲስ ኦፕቲካ የዕይታ ነርቭንና ህብለ ሰረሰርን የሚያጠቃ በሽታ ነው። ለረጅም ጊዜ የመልቲፕል ስክለሮሲስ አንድ ዓይነት ተደርጎ ይታይ ነበር። የቫንዳ ሌነን ቡድን በ2004 በሕሙማኑ ደም ውስጥ ልዩ ፀረ እንግዳ አካል መኖሩን አሳየ፤ በ2005 ደግሞ ዒላማው አኳፖሪን 4 መሆኑን አስታወቀ።

እዚህ ላይ የሽፋኑ አወቃቀር ወሳኝ ይሆናል። የውኃ በሮቹ ተጠጋግተው ስለተደረደሩ፣ በላያቸው የሚያርፉት ፀረ እንግዳ አካላትም ይጠጋጋሉ። ኮምፕሊመንት የተባለው የደም መከላከያ ሥርዓት የሚቀሰቀሰው እንዲህ ባለው መጠጋጋት ነው፤ ከዚያም የአስትሮሳይቱን ሽፋን ይበሳል። ልዩነቱን ማወቅ ለሐኪም የዕለት ተዕለት ጉዳይ ነው፤ ለመልቲፕል ስክለሮሲስ የሚሰጠው ኢንተርፌሮን ቤታ ይህን በሽታ ሊያባብስ ይችላልና።

ተማሪዎቼ ሆይ፣ እነዚያን ድርድሮች በመጀመሪያ ያዩት ሰዎች ስለዚህ በሽታ አላሰቡም። ያዩትን በጥንቃቄ መዝግበው ለተከታዮቻቸው አስተላለፉ። እናንተም በምስላችሁ ላይ ልትተረጉሙት ያልቻላችሁት ሥርዓት ቢገጥማችሁ፣ እንደ ስህተት ቆጥራችሁ አትጣሉት፤ መዝግቡት።